ያልመረመርኩት ደም

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ አርባ ሁለት ሰው። አብዛኛው የስኳር ምርመራ፣ ጥቂት ሽንት፣ በጩኸቱ ጆሮ የሚበጥስ አንድ ሕፃን። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ በሌሉበት እኛ «ማይክሮስኮፕ» የምንላቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ሲፈልጉ ረፈደ። ሁላችንም ወደ ቲዩቦቻችን ጎንበስ አልን።

ከሥራ ስወጣ እትዬ ጋ ጎራ አልኩ። ፍሪጇ ላይ ሁለት ወረቀት ለጥፋለች። አንዱን ለስኳር በሽታዋ የሰጣት ሐኪሟ ነው፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ፓስታ ቀንሺ ይላል። ሌላውን ከጎረቤቷ ከፀጉር ሠሪዋ መጽሐፍ በእጇ ገልብጣዋለች፤ የትኛው የደም ዓይነት ምን መብላት እንዳለበት። ሥጋማ ድሮ ትታለች። ስድስት ዓመት ሥጋ ቤት ሚዛን ላይ ቆማ ሠርታ፣ የለቀቀች ቀን «ከእንግዲህ በዓይኔም አልፈልገው» አለች። ይኸው እስከ ዛሬ።

«የኔ ደም ምንድነው? ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ስታዪ ትውያለሽ፣ የገዛ እህትሽን አታውቂም?»

የደም ዓይነትና ምግብ ምንም አያገናኛቸውም አልኳት።

«ፀጉር ሠሪዋ ግን ስምንት ኪሎ ቀንሳለች።»

ስምንት ኪሎ የቀነሰችው ከባሏ የተጣላች ሰሞን ነው… አላልኩም።

ፊቷ ግን የቀልድ አልነበረም። መጽሐፉ ኦ የሆነ ሰው ሥጋ ካልበላ አይሆንለትም ይላል አሉ። «ኦ ከሆንኩስ?» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እሺ አልኩ። የደም ዓይነት መለያ ጠብታዎቹ ያሉት ሥራ ቦታ ስለሆነ ከክንዷ ትንሽ ቀድቼ በቲዩብ ያዝኩ። መርፌ ትፈራለች። ዓይኗን ጨፍና በሌላ እጇ እጄን ጭምቅ አደረገችው፤ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ።

ዓርብ፣ ጥር 9

እስክሪብቶ ስፈልግ ቦርሳዬ የጎን ኪስ ውስጥ… የእትዬ ቲዩብ! ከማክሰኞ ጀምሮ። በዚህ ሙቀት። ተበላሽቷል።

ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ቢያመጣልኝ ምን እንደምለው አውቃለሁ። ለራሴ ምን ልበል? ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። እንደገና ልወጋት ነው? ያንን ፊቷን እንደገና ላየው ነው?

እሑድ፣ ጥር 11

በሩን ሳትከፍት ጀመረች። «እህስ?»

«ኤ ነሽ።»

ወጣ ከአፌ። አስቤበት አይደለም… አስቤበትስ ቢሆን? መጽሐፉ ለኤ አትክልት ነው የሚለው። ሥጋ አያስፈልገውም ይላል። መስማት የምትፈልገውን ነው የነገርኳት። እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት። ጉንጬን ይዛ ሳመችኝ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት በር ላይ እንደምትስመኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ነገሩ ራሱ መሠረት የለው። በባዶ ነገር ላይ አንድ ባዶ ቃል ብጨምር ማንን ይጎዳል?

ሰኞ፣ ጥር 12

በወረቀት ይሁንልኝ አለች። ፀጉር ሠሪዋ እንድታይላት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ የውጤት ቅጽ አወጣሁ፣ ስሟን ጻፍኩ፣ «ኤ» ብዬ ፈረምኩ፣ ማኅተም አደረግኩ። ማይክሮስኮፕ ከጎኔ ቆመው ስለ ሻይ ክፍሉ ቧንቧ እያወሩ ነበር። ማኅተሙ በአንድም ጎኑ አልተዛነፈም። እሱ ነው አሁን የሚገርመኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

የእትዬ ወጥ ቤት። ጠረጴዛው ላይ እርሳስ፣ የሐኪሙ ወረቀት፣ የመጽሐፉ ወረቀት፣ የኔ ቅጽ። መብላት የምትችለውን እየለየች ነው። እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝ ለስኳሩ ሲባል ወጡ። ባቄላና ምስር መጽሐፉ ለኤ ይፈቅዳል፣ እሷ ግን «ዱቄትነት አላቸው» ብላ ሰረዘች። ቀጥላ እንቁላል። ቀጥላ አይብ፣ ወተት።

«እንቁላሉን ምን አደረገሽ?»

«ለኤ አይስማማም ይላል።»

እንዴት ክው እንዳልኩ! ሥጋ የማይበላ፣ ዳቦም የቀነሰ ሰው፣ እንቁላልና አይብ ካልበላ ምን ሊበላ? እኔው ተቀምጬ ቆጠርኩላት፦ እንጉዳይ፣ አቮካዶ፣ ኦቾሎኒ፣ የአኩሪ አተር አይብ። እንጉዳይ አፈር አፈር ይላታል። አቮካዶ ሳሙና ሳሙና። የአኩሪ አተሩን አንዴ ቀምሳ «ስፖንጅ ነው» ብላለች። ኦቾሎኒ ጥርሷ አይችልም። የቀረው ጎመን፣ ሰላጣ፣ ዱባ፣ ኪያር።

«እትዬ፣ መጽሐፉን ተይውና እንቁላል ብዪ።»

«አንቺው በእጅሽ ጽፈሽልኝ? ያንቺን ፊርማ ትቼ?»

እዚያ ጋ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ። «እንግዲህ እንዳሻሽ» አልኩና ሰላጣውን አብሬያት በላሁ። ለቅጣት አነሰ።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ቀሚሷ ሰፍቷታል። ወገቡን በሁለት ጣቷ ይዛ እየሳበች አሳየችኝ። «ሳይንስ ነው!» ትላለች። ደረጃ ስትወጣ ግን ሁለቴ ቆመች። ሁለቴ። ቆጥሬያለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፀጉር ሠሪዋ ደወለች። የምትለው አይሰማም፣ እየጮኸች ነው። ጋዋኔን እንደለበስኩ ሮጥኩ።

እትዬ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ። ልብሷ በላብ ርሷል፣ ዓይኗ ክፍት ነው ግን አታየኝም። «ሚዛኑን ዝጊው፣ ሚዛኑን ዝጊው» ትላለች። ጣቷን ወግቼ ስኳሯን ለካሁ፤ አርባ ስምንት ወርዷል። አርባ ስምንት! እየዋጠች መሆኗን እያየሁ ስኳር በውኃ በጥብጬ በማንኪያ በማንኪያ ሰጠኋት። ከሩብ ሰዓት በኋላ «ምነው ጋዋን ለብሰሽ መጣሽ?» አለችኝ። ፀጉር ሠሪዋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ማልቀስም አላማረኝም፣ ምን ፊት አለኝ?

እኔ ወደምሠራበት ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ ጠየቃት። ክኒኗን ድሮ እንደምትወስደው ነው የምትወስደው። ምግቡ እንዲህ አልቆ ክኒኑ ሳይቀነስ። «ምን ምን ትበያለሽ?» ሲላት ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች። በላስቲክ ሸፍናዋለች።

«እህቴ ናት የመረመረችኝ» አለችው፣ በኩራት።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። መሬቱን አየሁ።

ክኒኑን ቀነሰላት። የደም ዓይነት ከምግብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ እንቁላልም አይብም በደንብ ብዪ አላት። እሷ ግን አንገቷን ነቀነቀችለት እንጂ አላመነችውም። አውቃታለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ትናንት ከቀዱላት ደም ቀርቶ ነበር። ማይክሮስኮፕ ምሳ እስኪወጡ ጠብቄ አየሁት። ሰማያዊው፣ የኤው ጠብታ ላይ ምንም። ቢጫው፣ የቢው ላይ ደሙ ተጓጎለ። ደግሜ አየሁ። ቢ ናት።

ከሥራ ወጥቼ ፀጉር ሠሪዋ ጋ ሄጄ መጽሐፉን ተዋስኩ። ለቢ እንቁላል ይፈቅዳል። አይብ ይፈቅዳል። ወተት ይፈቅዳል።

የማይረባ መጽሐፍ ነው። ግን ያንን የማይረባ መጽሐፍ ይዛ፣ እኔ እውነቱን ብነግራት ኖሮ፣ እንቁላሏን በልታ ትነሣ ነበር። ክኒኑ ያው ክኒን ነው፣ እሱን እኔ አላዘዝኩም… ታዲያ ለምን እንቅልፍ አጣሁ? ሐኪሙ ሲያየኝ መሬቱን ያየሁት እኔ ነኛ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዛሬም አልነገርኳት። ጎመን ከትፋ ጠበቀችኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ነገርኳት።

በር ላይ ነው የጀመርኩት፣ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ እንደማልችል ስለማውቅ። ቲዩቡን ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው እንደተበላሸ። እንደገና መውጋት እንዳሳዘነኝ… አይ፣ እንዳሳፈረኝ። ኤ ያልኳት ደስ እንዲላት እንደሆነ። ቢ እንደሆነች። ወረቀቱ ሐሰት እንደሆነ፣ ከቦርሳዋ አውጥታ እንድትሰጠኝ፤ አንድ ቀን ሌላ ቦታ ብትወድቅና ሰው ያንን አምኖ የኤ ደም ቢሰጣትስ?

ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። በጮኸችብኝ! እጇን በፎጣው ጠረገች፣ ጠረገች፣ ደርቆ ሁሉ ጠረገች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

«ስኳሬስ?» አለች።

«ምን?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ እየመጣሽ ስትለኪኝ የነበረው። ቁጥሩን የምትነግሪኝስ?»

የፈራሁት ጥያቄ ነው። ምክንያቱም አንዴ… አምና፣ ልጇ ወደ ውጭ የሄደ ሳምንት፣ ሁለት መቶ አሥር ወጥቶ ነበር። ፊቷን አይቼ መቶ ስልሳ አልኳት። በማግስቱ ሐኪሟን አይቼ በጎን ነግሬዋለሁ፣ መድኃኒቱንም አስተካክሏል። ግን እሷ መቶ ስልሳ ነው የምታውቀው። ደብተሯ ላይ መቶ ስልሳ ብላ ጽፋለች፣ በዚያ በትልልቁ ፊደሏ።

እሱንም ነገርኳት። አንዴ ብቻ ነው አልኳት።

«አንዴ ብቻ መሆኑን በምን ልወቅ?»

የሰጠችኝን ወረቀት አጣጠፍኩ፣ መልሼ ዘረጋሁ።

«ሂጂ አሁን» አለች። ስትቆጣ «ውጪልኝ» ነው የምትለው። ይህኛው ቁጣ አይደለም። አሳድጋኝ፣ ፀጉሬን አበጥራ፣ ልጅ እያለሁ የሰበርኩትን ሁሉ «እኔ ነኝ» እያለች አባታችን ፊት ተሸክማልኝ… እሷ ናት እንዲህ እንደ ባዕድ የምታናግረኝ። መንገድ ላይ እያለቀስኩ መጣሁ። አንድ ሰውዬ መሐረብ ሊሰጠኝ ቆመ፣ ሸሸሁት።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ለማይክሮስኮፕም ነገርኩ። ቅጹን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ያላየሽውን ፈረምሽ?» ብቻ አሉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ቀለል አለኝ ብል ውሸት ይሆናል።

እሑድ፣ የካቲት 23

ደወልኩላት፤ አነሣች። ደህና ነች። ጠዋት ሁለት እንቁላል ትበላለች፣ እንጉዳዩም በቅቤ ስትጠብሰው አፈር አፈር ማለቱን ተወ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ስጠይቃት ነው። እሷ ምንም አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

እትዬ ክሊኒክ መጣች። ድሮ በጓሮ በር ነበር የምትገባው፣ ስሜን እየጠራች። ዛሬ በፊት ለፊት ገብታ ቁጥር ይዛ ተቀመጠች። አሥራ ሰባተኛ ናት። በመስኮቱ አየኋት። አየችኝ። ለሰላምታ አንገቷን ነቀነቀችልኝ፣ ለማንም እንደሚደረገው።

ተራዋ ሲደርስ ወደ ባልደረባዬ ወንበር ሄደች። መርፌው ሲገባ ዓይኗን ጨፈነች፣ በሌላ እጇ የወንበሩን ክንድ ጨብጣ ያዘች። እኔ ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ፣ ባዶ እጄን ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ።

ውጤቱ ደርሶ ተሰጣት። ወጣች ብዬ ሳስብ የኔ መስኮት ላይ ቆማለች። ወረቀቱን በቀዳዳው አሳልፋ፣

«አንብቢልኝ» አለች።

ከፍ ብሏል። ድሮ ቢሆን «ደህና ነሽ፣ ትንሽ ብቻ ነው» እላት ነበር።

«መቶ ሰባ አንድ» አልኳት። «ከፍ ብሏል እትዬ። ሐኪሙ ሊያየው ይገባል።»

ወረቀቱን ከእጄ መልሳ ወሰደች።

«ባልደረባሽም እንደዚሁ ነው ያለችኝ» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ሐኪሙ ክፍል ሄደች።