ነሐሴ ውስጥ የተደበቀችው ጳጉሜ

ሚያዝያ 14፣ ጠዋት 2፡20

ውሃ መጥቷል። በርሜሉን ሞላሁ፣ ባልዲዎቹን ሞላሁ፣ ድስት ሳይቀር። የሕንፃው ፓምፕ ድምፁ ተለውጧል፤ ኩሽኔታው ሊበላ ነው። ለኮሚቴው ሰብሳቢ ነገርኩት። ሲበላሽ እናሠራዋለን አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት መሬት ውስጥ ፓምፕ ሳዳምጥ ኖሬ፣ ዛሬ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሰሚ አጣሁ። ይሁን።

ትናንት ያልጻፍኩልህ አለ፣ ደብተሬ። ኢ/ር ሊዲያ መጥታ ነበር። ልጅ ቢኖረኝ በእሷ ዕድሜ ይሆን ነበር። እርስዎ ትለኛለች፤ ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ ስትል ከለከልኳት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የሠራሁበት የወርቅ ማዕድን ውስጥ ፓምፖቹና አየር ማራገቢያዎቹ በአዲስ ተተክተዋል። ያነሰ መብራት ይበላሉ ተብሏል። እውነት መሆኑን የሚያረጋግጠው የሊዲያ ቡድን ነው። ለዚያ ደግሞ ድሮ ስንት ይበሉ እንደነበር ማወቅ አለባት። ድሮ ማለት የእኔ የመጨረሻ ዓመት። መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የድሮው ቁጥር ትክክል ነው ብዬ እንድፈርም ትፈልጋለች።

እሺ አልኳት። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። ከጡረታ ወዲህ ከውሃ ቢል በቀር ቁጥር ያሳየኝ ሰው የለም።

ሚያዝያ 16፣ ከሰዓት 9፡00

የሊዲያን ወረቀት አነበብኩ። ንጹሕ ሥራ። በእኛ ጊዜ ቆጣሪው ዘንድሮ ትንሽ አነሰ ከተባለ ይጨበጨብ ነበር። አሁን እንደዚያ አይሠራም። ዝናብ ካነሰ ፓምፕ ያርፋል፤ ያ ቁጠባ አይባልም። ድንጋይ ያነሰ ከተቆፈረም እንዲሁ። ሁሉም ይታረማል። ቁጠባ እኮ በዓይን አይታይም፤ የምንለካው ያልነደደውን መብራት ነው። የሌለን ነገር መለካት። ለዚህ ሥራ እኔ ሳልሻል አልቀርም፤ በዚህ ሰፈር የማየው ሁሉ የሌለውን ነው።

ውጤቱ፦ ቃል የተገባው ቁጠባ ተገኝቷል። ለጥቂት። ሯጭ በደረቱ እንደሚያልፈው።

ስላለፈ ሁለተኛው ምዕራፍ ይጀመራል። እሱም ምን መሰለህ፦ ለታችኛው ደረጃ የራሱ ማራገቢያ። ይህን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ታችኛው ደረጃ የጋሽ ዋቆ ቦታ ነበር። የፓምፑ ጠባቂ። አየር እዚያ የሚደርሰው ላይኞቹ ተንፍሰው ሲጨርሱ ነው። ሙቀቱ ልብስህን አርጥቦ በላይህ ላይ ያደርቀዋል። መጀመሪያ የወረድኩ ዕለት ወንዶቹ ሊፍቱ አፍ ላይ ቆመው አጉረመረሙ፤ ሴት ከወረደች ወርቁ ይሸሻል ይባል ነበር። ጋሽ ዋቆ «ወርቁ እግር የለውም፣ ውረጂ» ብሎ የራሱን ሄልሜት ጭንቅላቴ ላይ ደፋልኝ። ሰፍቶኝ እስከ ዓይኔ ወረደ።

ከሟች ሚስቱ አሮጌ ነጠላ የቀደዳት ጨርቅ ነበረችው። በአየር ቱቦው አፍ ላይ አስሯታል። ስትውለበለብ ሥራ፤ ስትወድቅ ሁሉም ሰው ወደ ሊፍት። የአየር መለኪያ አምጥቼ ከጨርቋ ጋር አስተያየሁ። ጨርቋ ተሳስታ አታውቅም። ማራገቢያ ይተከልልን እያለ ስንት ዓመት አመለከተ። ማመልከቻውን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። አንዱም መልስ አላገኘም።

ሚያዝያ 17፣ ጠዋት 3፡00

ነሐሴ አልጣመኝም። ትናንት ማታ ዓይኔን ስከድን መጣብኝ። የነሐሴ የመብራት ፍጆታ የቀን አማካይ ከሐምሌ በብዙ ይበልጣል። የገባው ውሃ ግን ሐምሌም ያው፣ ነሐሴም ያው። ታዲያ ፓምፑ ምን ይጠጣ ነበር? ሊዲያ ደግሞ ነሐሴ ውሃ የሚበዛበት ወር ነው ብላ ለክረምቱ ሁሉ መነሻ ያደረገችው እሱን ነው።

ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ታላቅ ወንድምህን አገኘሁት፤ የዚያን ዓመት ማስታወሻ፣ ሰማያዊው፣ ጥጉ በግራሶ የጠቆረ። የጳጉሜው ገጽ ላይ ከፈትኩት፤ ከዓውደ ዓመት ስመለስ የሞላሁት። የራሴ እጅ ጽሑፍ፦ ቅጹ ጳጉሜ የለውም። አምስቱን ቀን ነሐሴ ላይ ደመርኩ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ማስታወሻ አኖርኩ።

በእርሳስ። ተመልከት እንግዲህ።

ዋናው መ/ቤት የሚልከው ቅጽ አሥራ ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው። ጳጉሜ ደመወዝ የላት፣ ዓምድ የላት። ሁላችንም እንደዚያ እናደርግ ነበር፤ ማንም ነውር አይለውም። ቅጹ በኮምፒውተር ሲገለበጥ የእርሳሱ ማስታወሻ ቀረ። የሠላሳ አምስት ቀን መብራት ለሠላሳ ቀን ተካፈለ። የአሁኑን የሚመዘግበው መሣሪያ ቀን አይዘልም። እናም ድሮ ከነበረው በላይ አባካኝ ሆነን ተገኘን፤ አዲሶቹ ፓምፖች ደግሞ ከሆኑት በላይ ቆጣቢ።

አምስቱን ቀን በእርሳስ ጫፍ ቀንሼ አየሁት። ቁጠባው ከቃሉ በታች ወደቀ። ለጥቂት።

ወረቀቶችም አሉ። አምስት፣ ታጥፈው ታላቅ ወንድምህ ሆድ ውስጥ። የጋሽ ዋቆ የጳጉሜ መዝገብ። አልገለጥኳቸውም። ዛሬ አቅም የለኝም።

ሚያዝያ 19፣ ረፋድ 4፡40

ልደታ ማርያም ተሳልሜ መጣሁ። ሲመለሱ አቋራጭ የለም አሁን፤ ድሮ በእነ አጎቴ ጓሮ ሾልከን ነበር የምንገባው። የእናቴ ቤት የነበረበት መኪና ማቆሚያ ሆኗል። አንድ ነጭ መኪና ልክ ምድጃው ላይ ቆሟል። ምድጃው እዚያ እንደነበር የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እህቴም ሞታለች።

ነገሬ ወዲህ ነው። ዝም ብልስ? ከአንተ፣ ከታላቅ ወንድምህና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሊዲያ በእኔ ፊርማ ታምናለች። ማንንም አልሰርቅም። ማራገቢያው ይተከላል፣ ታች ያሉት ልጆች አየር ያገኛሉ። በስንት ማመልከቻ ያልመጣ ነገር በአንድ የእርሳስ መስመር መጥፋት ይመጣል። እግዜር ራሱ ያጠፋት ቢሆንስ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ በላይነሽ፣ የራስሽን ስንፍና በእግዜር አታሳብቢ እላለሁ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። አላውቅም። ዛሬ ሙሉ ቀን የጎረቤት ሰላምታ እንኳ ጎረበጠኝ።

ሚያዝያ 21

ምንም። ውሃ የለም። ሊዲያ ደወለች፣ አላነሳሁም። በዚህ ዕድሜዬ ከስልክ መደበቅ ጀመርኩ።

ሚያዝያ 23፣ ከሰዓት 11፡00

ጋሽ ዋቆን አገኘሁት። ለዓይኑ ሕክምና መጥቶ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልጁ ጫልቱ ዘንድ ነው ያለው። ብርቱካን ገዝቼ በእግሬ ሄድኩ። አንድ ዓይኑ ተሸፍኗል። በድምፄ አወቀኝ፤ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ሄልሜትሽን አድርገሻል ወይ አለኝ። ሳቅን። ከዚያ አለቀስኩ፣ እሱም እጄን ያዘ። አርጅቷል። እኔም።

ጫልቱ ጨዋታ አዋቂ ናት። ምሳ እያቀረበች ታወራለች። አባቷ ለዓመት በዓል ቤት ገብቶ እንደማያውቅ ነገረችኝ። ጎረቤት ሁሉ አባት ሲመጣለት እሷ ከአያቷ ጋር መንገድ ትጠብቃለች፤ እሱ መስከረም ጠብቶ፣ ችቦው ነድዶ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ይመጣል። እየሳቀች ነው የምትነግረኝ፦ «ልጅ ሆኜ እኮ፣ እዚያ ሌላ ልጆች አሉት እል ነበር። አሁንም ገና አላጣራሁም።»

ጋሽ ዋቆም ሳቀ። ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩ። እኔ አውቃለኋ። ጳጉሜ ላይ ሁሉም አገር ቤት ይገባል፤ ውሃው ግን በዓል አያውቅም፣ ፓምፑ ሰው ይፈልጋል። ትንንሽ ልጅ ያለው ይሂድ እያለ በየዓመቱ የሚቀረው እሱ ነበር። እሱም ልጅ እንዳለው ማን ጠየቀው? እኔም አልጠየቅሁም። አምስቱን ቀን ደግሞ ነሐሴ ውስጥ ደመርኳቸውና ሰውየው የሠራባቸው ቀናት ከመዝገብ ጠፉ።

ጫልቱ ዕቃ ልታጥብ ስትነሳ ማራገቢያው ተተከለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። ሁሉንም ነገርኩት። ቅጹን፣ እርሳሱን፣ ሊዲያን፣ ለጥቂት ማለፉን፣ ለጥቂት መውደቁን። እውነቱን ካወጣሁ ማራገቢያህን የማስቀረው እኔ ነኝ አልኩት።

ይፈርድብኛል ወይም ተይው ይለኛል ብዬ ነበር። የጠየቀኝ ሌላ ነው። «ጳጉሜ ሦስት ጨርቋ ወድቃ ነበር እኮ። ጽፌ ሰጥቼሽ ነበር። የት አደረግሽው?»

መብራቱ ነሐሴ ላይ ይደመራል። የወደቀች ጨርቅ ከምን ጋር ትደመራለች? ታጥፋ ቀረች።

ሚያዝያ 24፣ ጠዋት 1፡30

ወረቀቶቹን ገለጥኩ። የእሱ ትልልቅ ፊደል፣ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ያለ። በየሁለት ሰዓቱ ቆጣሪ፣ የውሃ ከፍታ፣ ሙቀት፣ ጨርቅ። ጨርቅ የሚል ዓምድ በእጁ አስምሯል። ጳጉሜ 3፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፦ ወደቀች። ለጥገና የወረዱትን አራት ሰዎች አስወጥቷል። ፓምፑ እንዳይሰጥም እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ብቻውን እየወረደ እየወጣ ውሏል። ጨርቋ የተነሳችው 12 ሰዓት ላይ ነው። ቀጥሎ የሚለው፦ ለበላይነሽ ይነገር።

ለበላይነሽ ተነግሯል። በላይነሽ ዓውደ ዓመት ላይ ነበረች፣ እዚህ ልደታ፣ እህቷ ቤት። ተመልሳ የቆጣሪውን ቁጥር ወሰደች፣ ሌላውን አጠፈች። ስንት ማመልከቻ ጻፍኩ ስልህ እፎክር ነበር አይደል? አንዱም ላይ ይህ ቀን የለም። ማራገቢያውን ከሚያስተክል ወረቀት ሁሉ ዋናው አልጋዬ ሥር ነበር።

ሚያዝያ 26፣ ቀትር

ሊዲያ ጋ ደወልኩ። መጣች። ሁለቱንም አስቀመጥኩላት፣ ታላቅ ወንድምህንና አምስቱን ወረቀት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ውጤቱ ለአለቆቿ ተነግሯል። ስልኳን አወጣች፣ አስላች፣ እንደገና አስላች። ወደቀ። መጀመሪያ ተቆጣች፤ በጨዋ ደንብ ቢሆንም ተቆጣች። እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ፈርቼ ነው አልኳት። ማራገቢያው እንዳይቀር ፈርቼ፣ ስህተቱም የእኔ ስለሆነ አፍሬ።

ከዚያ የጳጉሜ ሦስትን ወረቀት አነበበች። ጨርቅ ምንድን ነው አለች። ነገርኳት። ቀና ብላ አላየችኝም፣ እንደገና አነበበችው።

አንድ ነገር ነገርኳት፣ ሌሊቱን ያሰብኩትን። ማራገቢያው መጀመሪያውኑ ከቁጠባ ጋር መታሰር አልነበረበትም። አየር የሚተነፈስ እንጂ በቁጠባ የሚመረቅ አይደለም። የታረመው ቁጥር በአንድ ገጽ ይሁን፣ ይህ ወረቀት በሌላ ገጽ። ለራሱ ይናገር። ሪፖርቱ ላይ አባሪ አደርገዋለሁ አለች። ይሳካል አላለችም። እኔም አልጠየቅኋት። የማትችለውን ቃል የማትገባ ልጅ ናት።

ግንቦት 1፣ ረፋድ 5፡00

ልደታ። ግቢው ውስጥ ንፍሮ ተቀቅሏል። የሕንፃው ሰው ሁሉ ወርዷል፤ ከታች ያሉት ወሎዬዎቹ እነ ወ/ሮ ዘይነባ ሳይቀሩ ስኒ ሙሉ ንፍሮ ተቀብለው ልጆቹን ይመርቃሉ። ድሮ ይህን የምናደርገው ዋርካው ሥር ነበር። ዋርካው የለም። ንፍሮው ግን ያው ነው፣ ባቄላው ጨው በዝቶበታል፣ ያም ያው ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አፉ ሞልቶ፣ ፓምፑ ትናንት ማታ ቆመ አለኝ። ኩሽኔታው ነው። ምንም አላልኩትም። እንዴት ያለ ደስታ።

ጫልቱ ከተክለ ሃይማኖት መጥታለች፣ ጋሽ ዋቆን ደግፋ። ጥላ ውስጥ ወንበር አስቀመጥንለት። የአምስቱን ወረቀት ኮፒ ለእሷ ሰጠኋት። ቆማ አነበበች፣ አንድ በአንድ። ቀኑን በጣቷ እየተከተለች። አልሳቀችም። ሄዳ ከአባቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ራሷን ጉልበቱ ላይ አስደግፋ። እሱ ምን እንደሆነች አላወቀም፤ ንፍሮ አቀበላት።

ለደቂቃ ወደ ላይ ወጣሁ። የታረመው ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ሊዲያ ልካዋለች። አሥራ ሦስት ዓምድ አለው። አሥራ ሦስተኛውን ባዶ ትታዋለች፣ እርስዎ በእጅዎ ይሙሉት ብላ። በእስክሪብቶ። ማራገቢያው ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ሞልቼ እፈርማለሁ፣ ከዚያ እወርዳለሁ፤ ከታች እየጠሩኝ ነው። ቁጥሮቹን ጻፍኩ። ተረኛ በሚለው ሥር ደግሞ፦

ጳጉሜ 1፦ ዋቆ።
ጳጉሜ 2፦ ዋቆ።
ጳጉሜ 3፦ ዋቆ። ጨርቋ ወደቀች።
ጳጉሜ 4፦ ዋቆ።
ጳጉሜ 5፦ ዋቆ።