ባለቤቴ ቀርባ እስክትፈቅድ ድረስ

ለተከበሩ የመሣሪያዎች ደኅንነት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ አሠራርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን፣ ጉልበትዎም እንደ እኔ ጉልበት ከድቶ እንዳይጥልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት ስልክ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስንቱን ሲም ካርድ በመቀስ ከርክሜ ልኩ ላልሆነ ስልክ አስተካክያለሁ። ባለቤቴ ከመሞቷ በፊት የገዛችልኝ፣ በእጅ የሚታሰረው መሣሪያ ግን ማንም ሰርቆ እንዳይጠቀምበት ሲሙ ከዋናው ቺፕ ጋር አብሮ ስለተሠራ የሚወጣ ካርድ የለውም። ስወድቅ በራሱ አውቆ ወደ አንድ የታመነ ቁጥር ይደውላል። የታመነው ቁጥር የእሷ ነው፤ የሚቀየረውም በእርስዎ ክፍል ፈቃድ ብቻ ነው።

፩. ቁጥሩ እንዲቀየርልኝ ስጠይቅ፣ ለደኅንነት ሲባል የቁጥሩ ባለቤት በአካል ቀርባ መፍቀድ እንዳለባት መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ በትሕትና አስረዳችኝ። መሞቷን ስነግራት ከልቧ አዝና፣ ነፍስ ይማር ብላ፣ የሞላሁትን ቅጽ መለሰችልኝ። ለሌባ የተሠራው ቁልፍ በእኔ ላይ በሚገባ መሥራቱን በአድናቆት እመሰክራለሁ።

፪. ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወደቅሁ። መሣሪያዎ ግዴታውን ሳይዘነጋ ወዲያው ደወለ፤ ስልኳም መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ ጮኸ። ጆሮዋ ስለደከመ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋው ነበርና፣ ሰድሩ ላይ ተጋድሜ አንድም ጥሪ አላመለጠኝም። ጎረቤቴ በጩኸቱ ተማሮ ሊቆጣኝ ባይመጣ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ አይኖርም ነበር።

፫. ሦስተኛ ቅሬታ አልነበረኝም። ቅጹ ላይ ለቅሬታ ሦስት መስመር ስላለ ግን ባዶ እንዳይቀር፣ ቤቱ ጭር እንዳለብኝና ብቻዬን መሆን እንዳቃተኝ አስመዘግባለሁ።

ስለሆነም ቁጥሩ እንዲቀየር እንዲፈቅዱልኝ፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ካለችበት ድረስ ሄዶ ፊርማዋን የሚያመጣ ሠራተኛ እንዲመድቡልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ለደኅንነቴ ስለሚያደርጉት ሁሉ እያመሰገነ፣ እጅ ሊነሳዎ ጎንበስ ሲልም መውደቁን የሚፈራ፣
የቀድሞው ስልክ ጠጋኝ

የተረሳ፦ ቁጥሩ ይቀየር ቢባል የማንን እንደማስገባ ሦስት ቀን ሙሉ አሰብኩ፤ ሰው አጣሁ። እባክዎ የራስዎን ቁጥር ይላኩልኝ። እስከዚያው የእሷን ስልክ በየጠዋቱ ቻርጅ አደርጋለሁ፤ ዝም ከሚል ቢጮህ ይሻለኛል። እሷ ላለማንሳቷ የሞት የምስክር ወረቀት አላት፤ እርስዎ ምን እንዳለዎ ስወድቅ እናያለን።