ሳይሰሙ ፈርደው የማያውቁት የሕገ መንግሥት መምህር

ታላቅ ወንድማችን ፕሮፌሰር ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አባታችን አንዳችንን ሊቀጡ ቀበቶ ሲፈቱ፣ “መጀመሪያ ምን እንዳደረገ ይናገር እንጂ!” እያሉ መሃል ይገቡ ስለነበር፣ ብዙ ጊዜ ቀበቶው የሚያርፈው በእርሳቸው ላይ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው በእርሳቸው ጀርባ ከብዙ ቅጣት ያመለጠች ናት።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር አጠናቀው፣ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በማዕረግ፣ ቀጥሎም በሕገ መንግሥት ሕግ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው በተማሩበት የሕግ ፋኩልቲ ማስተማር ጀመሩ። ክፍል ውስጥ መጽሐፍ አይገልጡም፤ አንቀጹን ከነቁጥሩ በቃላቸው ይወጡታል። ያረፈደ ተማሪ ላይ በር አይዘጉም ነበር፤ ለምን እንዳረፈደ በሁሉም ፊት ካስረዳ ይገባል። አንድ ሰሞን ሰበብ መፍጠር ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኖ ነበር።

በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው ከሒሳብ መምህርቷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ሚዜያቸው የሥራ ባልደረባቸው፣ ኋላ የፋኩልቲው ዲን የሆነው ሰው ነበር። አንድ ቢሮና አንድ ኮት መስቀያ ይጋሩ ነበር። ዛሬም እዚሁ የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። አንቱ ያልተባለው በስህተት አይደለም።

ፕሮፌሰር በሃምሳ ዓመታቸው፣ አዲስ የወጣ አንድ አዋጅ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ለጋዜጣ ተናገሩ። ዲኑ ወንበሩ የተነቀነቀበት መሰለው። አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ወንድማችንን፣ “ኮሪደር ላይ ቆየን፣ እንጠራሃለን” አላቸው። ከሰዓቱን ሙሉ ጠበቁ፤ የጠራቸው የለም። ሲመሽ ጸሐፊዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ውሳኔውን ነገረቻቸው፦ ከእንግዲህ ሕገ መንግሥት አያስተምሩም፤ ምድር ቤት ወርደው ለጀማሪዎች የሕግ ጽሑፍ አዘገጃጀት ያስተምራሉ።

ስንት ጊዜ “ክሰሰው!” ብለን ወተወትናቸው። እርሳቸው ግን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰውየው ፊታቸው ቆሞ “በድዬሃለሁ” እንዲላቸው። እስኪላቸው ድረስም አልተኙለትም። ከዚያ በኋላ ባወጡት የማጠቃለያ ፈተና ሁሉ ይህ ጥያቄ ቀርቶ አያውቅም፦ “አንድ መምህር ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሳለ ውስጥ ተፈረደበት። ፍርዱ ይጸናልን? አንድ ዲን ሊገባው በሚችል ቀላል ቋንቋ አስረዱ።” በከተማው ካሉት ወጣት ዳኞችና ጠበቆች ይህን ሳይመልስ የተመረቀ የለም። ዲኑ አንድ ቀን ምድር ቤት ድረስ ወርዶ፣ “አንተ ሰው፣ ይህን ነገር አትተውም?” ቢላቸው፣ “ስብሰባ ጥራና አስከልክለኝ፤ የአሁኑ ላይ ግን እኔም እገባለሁ” አሉት። ስብሰባው ሳይጠራ ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ዲኑ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ታጨ። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት በሙሉ በዚያ ምድር ቤት ያለፉ ነበሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደነበር መናገር አያስፈልግም። ላብ በላብ ሆኖ ወጣ፤ ሹመቱም ውኃ በላው። ያን ዕለት ወንድማችን ምሳቸውን ደግመው በሉ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኛም ደስ ብሎናል፤ አንደብቀውም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ዲኑ ሊጠይቃቸው መጣ። ልጆቻቸው በሩን ሊዘጉበት ሲሉ፣ “ተዉ፣ ይግባ። ሳልሰማው አልፈርድም” አሉ። ገባ። ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ፣ ስለ ልጁ ሠርግ አወራ። ወንድማችን ትራሳቸውን ተደግፈው፣ አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ጠበቁት። ያቺን አንዲት ቃል ግን ከአፉ ሳያወጣ፣ “በል፣ እግዜር ይማርህ” ብሎ ተነሣ። ሲወጣ ወደ እህታቸው ዞረው፣ “ሰማሁት አይደል? እንግዲህ ይጻፍ” አሉ። ይኸው ተጽፏል።

ፕሮፌሰር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ንጋት ላይ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እህታቸውና በየችሎቱ ያሉ ተማሪዎቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። ዲኑ በዚህ ሥነ ሥርዓት ላይ ንግግር ለማድረግ ጠይቆ ነበር። ቤተሰቡም አመልካቹን ሳሎን አስገብቶ፣ ወንበር ሰጥቶ፣ የሚለውን እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ ውድቅ አድርጓል።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። ለዲኑም ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ ጆሮና ምንም የማይረሳ አእምሮ እንዲሰጠው ከልባችን እንለምናለን።