ያላሳደርኳቸው ለቀስተኞች

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ ለናርጊዛ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ያቺ የምትጠብቂያት አሮጊት አሁንም ሌሊት እየተነሳች ታስቸግርሻለች ወይስ ልብ ገዛች? እዚያ ጣልያን፣ ባሪ ከተማ፣ በየካቲትም ፀሐይ ይወጣል ብለሽኛል፤ እንግዲህ የኛንም ድርሻ ሙቂልን። እዚህ በረዶው የመስኮቱን ደፍ ነክቷል። መንገድ እንዳለን ትዝ የሚለን ጠራጊው መኪና ሲያልፍ ብቻ ነው። እኔ፣ ምራትሽ ላምዚራ፣ የልጅ ልጅሽ ሳሎሜና አያቴ ቢሙርዛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን ጤናችንን ማለቴ ነው።

የምጽፍልሽ ባለፈው እሁድ የመረቅሽኝን ምርቃት ልመልስልሽ ነው። በበረዶው ተቋርጦ የከረመው የስልክ መስመር እንደተቃና መጀመሪያ ለጎረቤታችን ለእትዬ ፂዩሪ ደውለሽ፣ በባሏ በጋሼ ጃንሱግ ሞት አፅናንተሻት ስታበቂ ለኔ ደወልሽ። «ፂዩሪ ነገረችኝ፤ በጃንሱግ ለቅሶ ስምንት ሰው አሳደርክ አሉ! የአባትህ ልጅ! ቤቴን እኔ እንዳለሁበት አድርገህ ያዝክልኝ፤ እደግ ተመንደግ» አልሽኝ። ስታለቅሺም ሰማሁሽ። እኔ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። እማዬ፣ ስምንት ሰው አላሳደርኩም። አንድም ሰው አላሳደርኩም። ከዚያ ወዲህ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ወሬ እቀይራለሁ። ስለዚህ ይህን ወረቀት ከአይቡና ከቅመም ጨው ጋር ወደ ጣልያን በሚሄደው ሚኒባስ ልኬልሻለሁ። መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቢ፤ ከዚያ በኋላ አይቡ ከወረደልሽ ብዪ።

ጋሼ ጃንሱግ ያረፈው የበረዶ ሸርተቴው ገበያ በደራበት ሳምንት ነበር። አንቺ በላክሽው ገንዘብ ያሠራነው ፎቅ ሞልቷል፤ ስምንት ፖላንዶች፣ ጠዋት ሸርተቴያቸውን ተሸክመው ይወጣሉ፣ ማታ እንደ ተኩላ ርቧቸው ይመለሳሉ። ከኡሽጉሊ የሚመጡት የሟቹ ዘመዶች በረዶውን በስንት መከራ ጥሰው ሊደርሱ ነው ተባለ። የሟቹ የወንድም ልጅ ቤክሲል፣ ያ በበጋ ተራራ የሚወጡትን እየመራ ወደ ቤታችን የሚያመጣልን፣ እንደ ልማዳችን የሚያድሩትን ለቀስተኞች ለየቤቱ ሊያከፋፍል ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ «ስንት?» ማለት ጀመረ። የላይኛው ቤት አምስት አለ። እነ መምህሩ አራት አሉ። አንቺ ብትኖሪ ስምንት ትዪ ነበር፤ ሁልጊዜም ስምንት ነው የምትዪው። አባዬ ሲሞት የኛን ለቀስተኞች ቤቱ ሙሉ ወስዶ፣ ጋሼ ጃንሱግ ራሱ በረት ውስጥ ከላሞቹ ጋር እንዳደረ የነገርሽኝም አንቺ ነሽ።

ቤክሲል ደጄ ቆሞ «ስንት?» አለኝ። «ኧረ ተወኝ ቤክሲል፣ ቧንቧው በብርዱ ፈንድቶ ፎቁ ሁሉ ውሃ ሆኗል፤ ሰው አያድርበትም» አልኩት። ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም፤ ተዘጋጅቼ የቆየሁ ይመስል ቀጥ ብሎ ወጣልኝ። እሱ ደግሞ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ከቀብሩ በኋላ መጥቼ አብረን እንጠግነዋለን» ብሎኝ ሄደ። እንዲህ በል ያለችኝ ላምዚራ ናት ብዬ ልጽፍልሽ ዳድቶኝ ነበር፤ አማት ክፉ ነገር ከልጇ ይልቅ በምራቷ ላይ ማመን ይቀላታል። ግን እሷ ጓዳ ሊጥ ታቦካ ነበር፤ አልሰማችም። ብትሰማ ኖሮ በቡኮው እጇ ታጠናግረኝ ነበር። ደግሞ ገንዘቡ አሳስቶኝ ነው እንዳልልሽ፣ እሱም ሙሉ እውነት አይደለም። ፖላንዶቹን «ለቅሶ አለብንና ተጠጋጉልኝ» ማለት አፍሬ ነው። ያፈርኩት ከባዕድ ነው እማዬ፤ ከጎረቤቴ አላፈርኩም።

አመሻሽ ላይ ወንዶቹ በጋሼ ጃንሱግ ግቢ ክብ ሠርተው የለቅሶውን ዜማ ጀመሩ። እኔም ያንን አፌን ይዤ መሃላቸው ቆምኩ። መቼም ታውቂዋለሽ፣ ቃል የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሲያበቃም ማንም ትንፍሽ አይልም። በዚያ ዝምታ ላይ ከኛ ፎቅ ሰገነት ጭብጨባ ወረደ። ስምንቱም ፖላንዶች መብራቱን ሁሉ አብርተው፣ ተደርድረው፣ ለእንግዳ የተዘጋጀ ዘፈን መስሏቸው ያጨበጭባሉ። አንዱማ ፉጨት ጨመረበት። ለቀስተኛው በሙሉ ቀና ብሎ መስኮቶቻችንን አየ፣ ከዚያ ዞሮ እኔን አየ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ማደርም አላስፈለገውም። ቤክሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቧንቧው ያጨበጭባል እንዴ?» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሮጬ ወደ ቤት ገብቼ ለፖላንዶቹ እንደምንም በሩሲያኛ ነገርኳቸው። በዕድሜ ጠና ያለችው ሴት ፊቷ ቀልቶ እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። «ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከንም? ወለል ላይ እንተኛ ነበር እኮ! እኛም አገር ሰው ይሞታል» አለችኝ። ወዲያው አልጋቸውን መልቀቅ ጀመሩ። ግን ምን ይሆናል፤ ከኡሽጉሊ የመጡት ሴቶች ለኛ ቤት ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ ተመድበው ነበር፤ ሄጄ «ኑ» ብላቸው አንዷ እንኳ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። በልጆች ወንበር ላይ ኩርምት ብለው አደሩ።

አንቺ ከመረቅሽኝ ማግስት እትዬ ፂዩሪ ዘንድ ሄድኩ። ለድሃ ልትሰጠው የጋሼ ጃንሱግን ቦት ጫማ እየወለወለች ነበር። ለምን ለእናቴ ስምንት አልሻት ብዬ ሳልጨርስ ቦቱን መሬት ላይ ወረወረችው። «ላንተ ብዬ መሰለህ? ላንተማ ይቺን ቦት በአናትህ ላይ ነበር! ናርጊዛ ሰው አገር የሰው አሮጊት እያጠበች ያሠራችው ቤት፣ ለጃንሱግ ተዘጋ ልበላት? ጭንቅላቷን ትራስ ላይ አድርጋ ትተኛ ብዬ ነው!» አለችኝ። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ለአርባው ግን ስምንት ሰው ላሳድር ብዬ ብለምናት «እሱን የሚያውቀው ቤክሲል ነው» አለችና ቦቱን አንስታ ወደ መወልወሏ ተመለሰች።

ትናንት ቤክሲል ለአርባው ከወዲሁ መዞር ጀመረ። ለዚያ ሰሞን ሊመጡ የነበሩትን እንግዶች ሁሉ መልሼ፣ ላምዚራም አንሶላውን ሁሉ አጥባ አንጥፋ፣ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁት። የላይኛውን ቤት «ስንት?» ሲል ሰማሁ። የኛ ደጅ ሲደርስ ዓይኑን በረዶው ላይ ጥሎ አለፈና ቀጥሎ ያለውን ቤት «ስንት?» አለ። «ቤክሲል!» ብዬ ተጣራሁ። ዞሮ ኮፍያውን ነካ አደረገና «እንደምን ዋልክ ሙርማን» አለኝ፤ በትሕትና፣ ለፖላንድ እንግዳ እንደሚለው አድርጎ። ቢሰድበኝ፣ በበረዶ ቢወግረኝ ይሻለኝ ነበር። አያቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም አየ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ስለዚህ ይቅር በይኝ ብዬ አላደክምሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ለእትዬ ፂዩሪ ስትደውዪ፣ ማወቅሽን አትንገሪያት። ለአንቺ ስትል ዋሽታ፣ እሷ ደግሞ በኔ ፋንታ እንዳታፍር።

ላምዚራ እጅሽን ትስማለች። ሳሎሜ በሕፃናቱ የሸርተቴ ውድድር ሦስተኛ ወጣች፤ ሁለተኛዋ ልጅ ገፍታኛለች እያለች እስካሁን ታኮርፋለች፤ «አያቴ ናርጊዛ ትምጣ ትፍረድልኝ» ትላለች። የምትጠብቂያትን አሮጊትና እሁድ እሁድ አብረውሽ የሚውሉትን ያገራችንን ሴቶች ሰላም በዪልኝ። አያቴን ደግሞ ለእማዬ ምን ልበልልህ ብዬ ብጠይቀው፣ ምርኩዙን ወለሉ ላይ መታ አድርጎ «ከኔ ከቢሙርዛ ሰላም በላት። ከኔ ብቻ። ከቤቱ ብለህ እንዳትጽፍ፤ ቤቱ በምን ፊቱ ሰላም ይላታል?» አለኝ። እንዳለኝ ጻፍኩልሽ።

ልጅሽ ሙርማን
መስቲያ፣ የካቲት 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.