ሰሊጡ እስኪገባ

ጥቅምት 4 ቀን 1972፣ ሰኞ። ገዳሪፍ።

ደመና የለም። ነፋስም የለም። ጥቁሩ አፈር መሰንጠቅ ጀምሯል። ግቢ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ አየነውና ያለምወርቅ።

ሞተሩን አጠብሁ። መስቀል አለፈ፣ ባሌ እንግዳው ግን አልመጣም። የሄደው በነሐሴ አጋማሽ ነው፤ እናቱን ከመተማ ወዲያ ካለው አገራችን ሊያመጣ። ለመስቀል እዚሁ ነኝ ብሎ ነበር። ሞተር ድምፅ አለው፣ ኬላ ላይ ያስይዛል ብሎ በእግሩ ሄደ። ሞተሩስ አያሳዝንህም? ብዬ ቀለድሁበት። "ላንቺማ እመጣለሁ፤ ለሞተሩ ግን እሮጣለሁ" አለኝ። ባሌ እንዲህ ነው።

ሲመጣ አቧራ ለብሶ እንዳያገኘው ብዬ ነው ያጠብሁት።

አሮጌ ነው። አንድ ነጋዴ የጣለውን አንስቶ አራት ወር ለፋበት። የኋላ ጎማውን አውጥቶ የተሰበረ የአህያ ጋሪ ዘንግ በየደበት። ሦስት እግር አወጣ። ከኋላ ሁለት በርሜል ውኃ ይጫናል፤ በሽተኛም ተኝቶበት ሐኪም ቤት ደርሷል። ጭስ ማውጫው የውኃ ቧንቧ ነው። ድምፁን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ልጆች በአፋቸው ያስመስሉታል። መፍቻ አቀባዩ እኔ ነበርሁ።

አሁን ውኃ የሚያመላልስበት አየነው ነው፣ ጋራዥ አብሮት የሚሠራው ጓደኛው። ካገኘው ለኔም ያካፍለኛል።

ጎረቤቴ ያለምወርቅ ንፍሮና ዳቦ ይዛ መጣች። የአርባ ተዝካር ነው አለች። የማን? ብላት፣ "ያገር ሰው ነው፣ አታውቂውም" አለችኝ። ነፍስ ይማር ብዬ በላሁ። ንፍሮው ጨው አንሶታል። አየነው ግን ሆዴን አሞኛል ብሎ አልቀመሰም።

ጥቅምት 7

ገበያ ላይ ስማቸው የሚባል ሰው አገኘሁ። ከሩቅ ሰፈር ነው፤ ሰው ድንበር ያሻግራል። እንግዳውን አያውቀውም። ቢሆንም ከተከፈለው፣ ወዲያ ማዶ ተሻግሮ በየመንደሩ ይጠይቃል፤ ታስሮም እንደሆነ አጣርቶ ቁርጡን ይነግረኛል። የጠየቀው ግን ብዙ ነው። የኔ ሀብት ያ ሞተር ብቻ...

ልሽጠው?

መጥቶ ቢያጣውስ? እሱ ካልመጣስ ሞተሩ ምን ያደርግልኛል?

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ጆንያ ነጋዴው ኸሊል ሞተሩን ይፈልገዋል። እሱም የመተማ ሰው ነው፣ ሱቁ ሶቁ፣ ማለት ገበያው፣ መግቢያ ላይ ነው። ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ላለው ወንድሙ ሊልክለት ነው። ሐሙስ መጥቶ ሊያየው ተስማማን።

ለአየነው ነገርሁት። ስማቸውንም፣ ኸሊልንም፣ ሁሉንም። የያዘውን ብሎን ጣለ። ስማቸው ሌባ ነው፣ ገንዘቡን በልቶ ይጠፋል አለ። ይጥፋ፣ እኔ ዝም ብዬ ልቀመጥ? አልሁት። ብሎኑን ሲፈልግ ቆየ። ብሎኑ እግሩ ሥር ነበር።

"ትንሽ ቆዪ እቴ። ሰሊጡ ይግባ። አንዳርጌም ይምጣ፣ ከወንድምሽ ጋር ትመክሪበታለሽ።"

ሰሊጥ ከኔ ባል ጋር ምን አገናኘው? ወንድሜ አንዳርጌ ፋሽጋ እርሻ ላይ ሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ቅርፊቱ ተከፍቶ መሬት ላይ ይፈሳል። እስከ ኅዳር አይለቁትም። እስከ ኅዳር ድረስ ልጠብቅ?

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ኸሊል መጣ። ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ዞረው። ይህ ሞተር ነው ወይስ ከጋሪ የተወለደ ግመል? አለ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ቀን ሆኖኝ ኖሯል?

አስነሣው አልሁት አየነውን። ረገጠው። ዝም። ደግሞ ረገጠው። ዝም። ትናንት ማታ ውኃ አምጥቷል እኮ! አየነው ላብ አጠመቀው። ማሽኑ ተበልቷል፣ ለጊዜው አይሸጥም አለ።

ኸሊል አልተናደደም። "መዓሌሽ፣ ያ ኡኽቲ" አለኝ፣ አይዞሽ እህቴ እንደማለት ነው። ከዚያ አላህ ያጽናሽ ብሎ ጨመረበት። ለተበላሸ ሞተር?

ጥቅምት 15

ፊደል የቆጠርሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ሞተር ያወቅሁት ደግሞ መፍቻ ሳቀብል። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም እንደማውቅም አያስብም።

አየነው ጋራዥ ሲሄድ ካንዴላውን፣ ለሞተሩ እሳት የሚጭረውን፣ ፈታሁት። የሞተሩ ካንዴላ አይደለም። እንግዳው ከዓመት በፊት አውጥቶ የጣለው ነው፣ ነጩ ሸክላው የተሰነጠቀው። ሚስማር ከምናስቀምጥበት የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ቆርቆሮውን አየሁት። አሮጌው የለም። ደኅናውን አውጥቶ የሞተውን አስገብቶበታል።

ከአየነው በቀር የሚነካው የለም።

ሌባ ቢሆን ወስዶ ይሄዳል እንጂ ሌላ አይተካም። እንዳልሸጠው ነው እንግዲህ። እንጀራው ሆኗላ! ባሌ በሌለበት ሞተሩን ለራሱ ሊያስቀር... እንዲህ ያለ ሰው ነበር? መልሼ ገጠምሁት፤ ለማንም አልናገርም። 

ጥቅምት 16

አልቻልሁም። ለያለምወርቅ ነገርኋት። አየነው ሌባ ነው፣ ካንዴላ ለወጠብኝ አልኋት።

አለቀሰች። ተይው፣ እሱ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም እያለች በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔው አባበልኋት።

ለካንዴላ ይለቀሳል?

ጥቅምት 19

ያለምወርቅ ዛሬም ውኃ ቀዳችልኝ። ይኸው ሦስት ቀኗ። እንጨትም ፈለጠች። ወገብሽን ያምሽ የለም ወይ? ብላት ዛሬ ተሽሎኛል አለችኝ።

አየነው ሞተሩን አልጠገነውም። ውኃ በአህያ እየገዛ ለደንበኞቹ ያደርሳል። እንጀራዬ ያለ ሰው ሞተሩን እንዲህ ያቆመዋል?

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ሴቶቹ ጋ ስደርስ ወሬ ቆመ። ቦታ ለቀቁልኝ፤ እኔ የማውቃት፣ ለእናቷ እንኳ ቦታ የማትለቅ ሴት ሳትቀር ተነሣችልኝ። ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙኝ እጃቸውን ራሴ ላይ አቆዩት።

አባቴ ትዝ አለኝ። ትንሽ ልጅ ነበርሁ። ለንግድ ቆላ እንደወረደ ቀረ። እናቴ ፈላጊ ልትልክ በቅሎዋን ለመሸጥ ተነሣች። ሽማግሌዎች ገዢውን ከመንገድ መለሱት። ጎረቤት አጨደልን፣ ወቃልን። ምን ሆነው ነው እንዲህ ደግ የሆኑት? እያለች ትገረም ነበር። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ዘመድ ከየአገሩ ተጠርቶ፣ አንድ ቀን ማለዳ...

ምን እየጻፍሁ ነው?

ጥቅምት 22

ዛሬ ምንም አልጽፍም።

ጥቅምት 25

ስማቸው መጣ። ሞተሩን አልሸጥም፣ አትሂድ አልሁት።

"ባልሽን መፈለግ ተውሽ?" አለኝ።

ውኃ ሰጥቼ ሸኘሁት።

አየነው ጥግ ቆሞ ይሰማ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ ቀድሞ ዞረ። በልቤ ሌባ አልሁት እኮ... ለያለምወርቅም ነገርሁ። ያንን አፌን ምን ላድርገው?

ጥቅምት 29

ልጠይቃቸው? ንገሩኝ ብል ይነግሩኝ ይሆን? አይነግሩኝም። ወንድሜ ሳይኖር፣ ደጋፊ ሳይኖረኝ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። እኔም ከሌላ ሰው ደብቄ አውቃለሁ። እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ከሴትየዋ ጋር ስትበይ፣ ስትስቂ።

ታስሮም እንደሆነስ? ለታሰረ ሰው ሚስት ግን ቦታ አይለቀቅም።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ከፋሽጋ ሎሪዎች ገቡ። ሰሊጡ አልቋል። አጫጆቹ አቧራ መስለው በየመንገዱ ናቸው።

ገበያ ላይ አንዳርጌን ከጀርባው አየሁት። ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ ይዟል። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጋ ነው፤ እግሩን ሳይታጠብ እታለም ምን አለ? የሚበላ አምጪ ይላል። ዛሬ ወደ አየነው ጋራዥ ታጠፈ። አልጠራሁትም። ሽንኩርቴን ይዤ በሌላ መንገድ ተመለስሁ።

አመሻሽ ላይ ያለምወርቅ ምንጣፏን ይዛ መጣች። ቤቴ ጊንጥ ገባብኝ፣ ዛሬ አንቺ ጋ ልደር አለች። እደሪ አልሁ።

ነገ ነው እንግዲህ።

ዐውቄዋለሁ ልበላት? ይህን ያህል ጊዜ ተሸክመውታል። በወጉ ያውርዱት። ግቢውን ጠረግሁ። እንስራው ግማሽ ነው።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ሰው ተበተነ። የኅዳር 3ን ጠዋት አሁን እጽፈዋለሁ፣ ሳይዛባብኝ።

ሳይነጋ ተነሣሁ። ያለምወርቅ ዓይኗን ጨፍናለች፤ እንዳልተኛች ከትንፋሿ ያስታውቃል። ፊቴን ታጠብሁ። ሞተሩን ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ገፍቼ አጥር ጥግ አቆምሁት፣ ሰው መቀመጫ እንዳያጣ። የቆመበት ቦታ ዘይት ጠብ ብሎበታል። ሰሌኑን በላዩ አነጠፍሁ።

ከአጥር ውጭ እግር ይሰማል። አንዱ ሳለ። አንተ ቅደም፣ አንተ ወንድሟ ነህ ይባባላሉ። ቆዩ። አሳዘኑኝ። መዝጊያውን ከፍቼ ግቡ አልኋቸው።

ሰባት ነበሩ። ከፊት አንዳርጌ፣ ከኋላው ቄሱና ሽማግሌዎቹ። ኸሊልም ነበረ። መጨረሻ ላይ አየነው። ማንም አልተቀመጠም። አንዳርጌ ሁለቱን እጆቼን ያዘ።

"እታለም፣ እንግዳው የለም። ጓንግ ወሰደው። ጳጉሜ አንድ ቀን።"

ኬላውን ሽሽት ወንዙን በጥልቁ በኩል ገብተው ነው። እናቱን አዝሎ ነበር። ሁለቱንም ከታች አግኝተው እዚያው ቀብረዋቸዋል። አብሮ የነበረ ሰው ነው በመስከረም ወሬውን ያመጣው።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁ። እንደሚያውቅ ሰው የማለቅስ መስሎኝ ነበር። አይደለም። እንደማያውቅ ሰው ነው የጮኽሁት። ያለምወርቅ ከኋላ ያዘችኝ። አብረን ወደቅን።

ፀሐይ ስትወጣ ሴቶች ሞሉ። ያለምወርቅ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ "ያን ሰኞ ያመጣሁልሽ ንፍሮ የሱ ነበር። ነፍሱ ያለ አርባ እንዳትቀር ብለን ነው" አለችኝ። ጨው አንሶታል ብዬ ጽፌያለሁ። ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት። ያን ቀን ሞተሩን አጥቤለት ነበር።

ከዚያ አየነው መጥቶ ቁጢጥ አለ። ከኪሱ ትንሽ ጨርቅ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። ካንዴላው ነው። ዘይት ቀብቶ ነው የጠቀለለው፣ እንዳይዝግ። ሞተሩን ሸጠሽ ለሞተ ሰው ፈላጊ ልትልኪ ሆነ፣ ልነግርሽ ደግሞ አልቻልሁም አለኝ። ሌባ ብዬህ ነበር አልሁት። "ሰምቻለሁ እቴ" አለ። 

ኸሊል ተነሥቶ አጎንብሶ፣ ወንድሜ ሌላ ያገኛል፣ ይህን አልገዛም አለኝ። እኔም አልሸጥም አልሁት።

እንስራው ባዶ ሆኗል። ሰው ጠምቶታል። ተነሣሁ። ሴቶቹ ሊይዙኝ ሞከሩ። የካንዴላውን መፍቻ ከሳጥኑ አውጥቼ ለአየነው አቀበልሁት።

"ግጠመውና ውኃ አምጣ።"

ገጠመው። በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣ። ያ ድምፅ ሲወጣ አልቅሶ ያበቃው ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ጮኸ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ። ልጆች ከየቤቱ ሮጠው ወጡ። ጋሽ እንግዳው መጣ መስሏቸው ነው።

እኔ አልጮኽሁም። በርሜሎቹ እየተንኳኩ ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ገብቼ ሰሌኑ ላይ፣ ሞተሩ ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥሁ።