በባዶ ሆድ ስለ ተመዘገበልኝ 212 የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ

ግልባጭ፦ በወረፋ ላይ ሳሉ ለማንበብ በቂ ጊዜ ላላቸው ሁሉ

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በደኅና፣ የቢሮዎን በር ደግሞ እንደ ተለመደው ተዘግቶ እንደሚያገኘው ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። የደም ስኳር ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። መቼ ተለካ? ምን ተበልቶ? ከተበላስ ምን ያህል ቆይቶ? 150 ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ ለእኔ ዓይነቱ ሕመምተኛ ደኅና ቁጥር ነው፤ ያው 150 ሌሊቱን ምንም ሳይቀምስ ላደረ ሰው ግን ከፍ ያለ ነው። ከ70 በታች ከወረደ ደግሞ ጠዋትም ሆነ ማታ የሚያሰጋ ነው። ይህን ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ካስተማርኩት ከእኔ ይልቅ እርስዎ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፤ የምጽፈው መሥሪያ ቤትዎ እንዳይረሳው ብዬ ነው።

1ኛ. ባለፈው ወር ምንም ሳልቀምስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንድገኝ ታዝዤ ተገኘሁ። ጣቴ የተወጋው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያን ያህል ጊዜ በአግዳሚው ላይ ተቀምጬ ትዕግሥትን እንድማር ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ፤ ለጡረተኛ መምህር ትምህርት መቼም አይበዛበትም። አምስት ሰዓት ሲሆን ግን የበሩ ጥበቃ፣ ከሠራተኞችዎ መካከል ፊቴን ያየው ብቸኛ ሰው፣ «አባባ፣ ገርጥተዋል እኮ፤ በእኔ ተራ እንዳይወድቁብኝ!» ብሎ የራሱን ሻይ ከነስኳሩ ሰጠኝ። ጠጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

2ኛ. ሻይ መጠጣቴን ለነርሷ ነገርኳት። እርሷም በትሕትና፣ «አባባ፣ ቅጹ ላይ ያለው የባዶ ሆድ አምድ ብቻ ነው፤ የሻይ አምድ የለንም» አለችኝ። 212 በዚያው አምድ ገባ። ሐኪሙም ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ ክኒኔን እጥፍ አደረጉት። ጠዋት ጠዋት ከ105 እስከ 125 የተመዘገበበትን ካሬ ደብተሬን ብዘረጋላቸው የቤት መለኪያ እንደማይታመን አስረዱኝ። መለኪያውን የሰጠኝ የእናንተው የመድኃኒት መስኮት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሰማያዊና በቀይ ቀለም አስምሮ ለገለጠው ምን እንደሚደረግለት ግን ተረቱም አልነገረን።

3ኛ. ስለ ደብተሩ ይህን ልጨምር። የመጨረሻው አምድ «አስተያየት» ይላል፤ የምትሞላው ባለቤቴ ነበረች። «ዛሬ ተቆጥቷል»፣ «ብስኩት ደብቆ በልቷል፣ ያላየሁት መስሎታል» ትል ነበር። ካረፈች ዐሥራ አንድ ወር ሆኗል፤ አምዱም ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው። ልጄ ከሩቅ አገር እሑድ እሑድ ትደውልና «አባዬ፣ ስኳርህ ስንት ነው?» ትለኛለች፤ እነግራታለሁ፤ «ጎሽ!» ትላለች፤ ስልኩ ይዘጋል። ስለዚህ ደብተሩን ወደ እናንተ ሳመጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ የሚያነብልኝ ሰው ፈልጌም ነበር። ይህ በአገልግሎት ዝርዝራችሁ ውስጥ አለመኖሩን አሁን ተረድቻለሁ።

4ኛ. ክኒኑ እጥፍ ከሆነ ወዲህ የጠዋት ንባቤ 66፣ 63፣ ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ 58 ሆነ። በዚያ ጠዋት ልብሴ በላብ ርሶ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ የስኳሩን ጣሳ መክፈት አቅቶኝ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ምንም ከፍቼ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጬ ጠጣሁና እንደ ደንቡ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። የማናግረው ሰው ስላልነበረ ከግድግዳው ሰዓት ጋር ተያየን። ከዚያ 84 ሆነ። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ወደ እናንተ ብመጣ ካርድ ክፍሉ ቀጠሮዬ ከሰባት ሳምንት በኋላ መሆኑን አስታውሶ መለሰኝ። መድኃኒቱን በራሴ ሥልጣን እንዳልቀንስ በጽሑፍ ታዝዣለሁ፤ ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። ስለዚህ ባይርበኝም ከመተኛቴ በፊት እበላለሁ። ቀድሞ ለበሽታዬ ክኒን እወስድ ነበር፤ አሁን ለክኒኑ ስል እበላለሁ። ይህን እድገት ያገኘሁት በእርስዎ አመራር ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሐኪም ከደብተሬ ሦስት ገጽ አንብቦ የክኒኔን መጠን እንደገና ይወስንልኝ። ሰባት ሳምንት አርባ ዘጠኝ ጠዋት ነው፤ ሁሉም ጠዋት 84 ላይ እንደሚያልቅ ማረጋገጫ የለኝም።

ለጊዜዎ፣ ለአግዳሚውና ለአንዱ አምድ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዘወትር በወረፋዎ የማልታጣ

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር

ማስታወሻ፦ ስልክ ቁጥሬ በካርዴ ላይ አለ። በማናቸውም ሰዓት ቢደውሉ የሚቀሰቀስ ሌላ ሰው ስለሌለ አይሳቀቁ። ደውለው ካላነሣሁ ግን «ሕመምተኛው አልተገኘም» ብለው እንዳይዘግቡ፤ ያን ጊዜ እቤቴ፣ ወለሉ ላይ ነኝ ማለት ነው። እባክዎ ከዚያ በፊት፣ እስከ መጪው ዓርብ ድረስ ይመልሱልኝ።