በቀይ የቀባኋቸው ግድግዳዎች

ማክሰኞ

ደሙ ሸሚዜ ላይ ደርቋል። የእኔ አይደለም፤ የጋሽ ታምራት ነው። ካልጻፍኩ ዛሬ የሆነ ሰው እደበድባለሁ።

እሁድ ሰበታ ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ ወንዙ ሞልቶ ቤት ውስጥ ገባ። ዛሬ ከመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ከጋሽ ታምራት ጋር ሄድን። ሥራዬ ውሃው ግድግዳ ላይ ትቶት የሄደውን የጭቃ ልክ ሳይታጠብ በቀለም ማስመር ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለው ሞዴሌ፣ ጎርፉ ከማሳው ማዳበሪያውን፣ ከሰፈሩ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ጠርጎ የት እንደሚያደርሰው ያሰላል። ውሃው በእርግጥ የት እንደደረሰ ካላወቅኩ ስሌቱ ተረት ነው። መኪናው ውስጥ የነበረው ቀለም ቀይ ነበር። ቀባሁ።

ጥቂት ቤት እንደቀባሁ አንዲት ሴት “መነ ዲጉፍ ዱፈን!” ብላ ጮኸች። ቤት ሊያፈርሱ መጡ ማለቷ ነው። እዚህ አካባቢ ቀይ የተቀባ ቤት እንደሚፈርስ ማን ያጣዋል? እኔ! ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ እኔ አጣሁት።

ድንጋይ መጣ። አካፋ መጣ። አንገቴን ይዘው ጭቃ ላይ ጎተቱኝ። ጋሽ ታምራት “ልጅቷን ልቀቋት!” እያሉ መሃል ገቡ። ድንጋዩ ግራ ዓይናቸው ላይ አረፈ። ድምፁን ሰማሁት። የወረወረችውንም አየኋት፤ ቢጫ ሻርፕ አድርጋለች።

ረቡዕ

የዓይናቸው ፋሻ ዓርብ ይፈታል። እስከዚያ ዓይኑ ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሙም አያውቅም። ጋሽ ታምራት የሚጠይቁት “መኪናው ደህና ነው?” ነው። መስታወቱ እንክትክቱ ወጥቷል። ደህና ነው አልኳቸው።

ፖሊሱ ማን እንደወረወረ ጠየቀኝ። ዓርብ እነግርሃለሁ አልኩት። እኔ ግን ወስኛለሁ፦ ዓይኑ ከጠፋ ሴትዮዋን አሳስራታለሁ።

ሞዴሉን አስኬድኩት። እሁድ ወንዙ ጭራሽ አልሞላም አለኝ! ኪቦርዱን በጡጫ አልኩት። አንድ ቁልፍ ተነቀለ።

ሐሙስ

ሰማያዊ ቀለም ገዝቼ ብቻዬን ተመለስኩ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዛሬ ካልሆነ የጭቃው ልክ ታጥቦ መሄዱ ነው። ደግሞ የወረወረችውን ሴት ስም ማወቅ ፈልጌያለሁ።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ለሜሳ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ደፋር ነሽ እብድ?”

“ሁለቱንም ነኝ፣ ኦቦ።”

ሁሉንም አስረዳኋቸው። “ታዲያ ይሄን ማክሰኞ ሳትቀቢ ለምን አልነገርሽንም?” አሉ። ጥፋቴ ነው አልኩ። አብረውኝ ዞሩ። ሰዎቹ ቀዩን በመጥረቢያ ፍቀውት ግድግዳው ተገሽልጧል።

የመጨረሻው በር ላይ ቢጫ ሻርፕ። ወርቅነሽ ትባላለች፤ ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። በብሩሹ ፊቷን ማለት አማረኝ።

“ሰውዬው ታወሩ?” አለች።

“ነገ ይታወቃል። ከታወሩ ለፖሊስ ስምሽን እሰጣለሁ።”

“ስጪ። ዓለም ገና ከተማ የነበረኝን ቤት በቀይ ቀብተው ነው ያፈረሱብኝ። የቀባችውም እንዳንቺ ጨዋ የምትመስል ልጅ ናት።” ብሩሹን ከእጄ መነተፈችኝ። “የኔን ግድግዳ የምቀባው እኔ ነኝ።”

መስመሩን ከልጆቿ አልጋ በላይ አሰመረችው። እሁድ ልጆቿን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ነው ያዳነቻቸው። ክፍሉ አሁንም ሽንት ቤት ሽንት ቤት ይሸታል። አዘንኩ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እውነቱ ይሄ ነው።

ቤት ገብቼ መስመሮቹን ለሞዴሉ ስሰጠው ስክሪኑ ላይ ወንዙ ሞላ። ፍሳሹ ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳበት ምንጭ ድረስ ይሄዳል! ለኦቦ ለሜሳ ወዲያው ደወልኩ፦ ከምንጩ እንዳትቀዱ።

ዓርብ

ፋሻው ተፈታ። ዓይናቸው አብጦ ተዘግቷል፤ ሐኪሙ በጣቱ ከፈተው። ደህናውን ሸፈነና “ምን ይታይዎታል?” አለ።

ፖሊሱ በረንዳው ላይ ይጠብቃል። የአልጋውን ብረት ጨብጬ “ወርቅነሽ፣ ወርቅነሽ” እላለሁ በሆዴ።

“እጅ ይታየኛል” አሉ ጋሽ ታምራት። ወደ አልጋው ብረት ዞር ብለው፣ “ይቺ ልጅ ጥፍሯን ምን ነክቷት ነው ሰማያዊ የሆነው?”

ሐኪሙ ሙሉ በሙሉ ይድናል አላለም። ውሎ አድሮ ይታያል፣ እንጠብቅ ነው ያለው። ለፖሊሱ ግርግር ነበር፣ ማንንም አላየሁም አልኩት። ከዚያ የሆስፒታሉ ቧንቧ ጋ ሄጄ እጄን እያሸሁ አለቀስኩ። ቀለሙ አልለቀቀም።